«ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው»፦ አዳራሽ ለሚከራይ የሠርግ ባለቤት



  

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ አባት የመስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸውን ሊድሩ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷቸዋል። በእጃቸው አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል፤ የሠርግ አዳራሽ የኪራይ ውል ነው። «ኡስታዝ፣ እስቲ ዘጠነኛውን ቁጥር አንብብልኝ፤ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት እንዲህ ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ተከራዩ ከአዳራሹ ማዕድ ቤት ውጭ የተዘጋጀ ምግብም ሆነ መጠጥ ማስገባት እንደማይችል፣ አስገብቶ ቢገኝ ያስያዘው ገንዘብ እንደማይመለስለት ይናገራል። ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ አለ። መቼ እንደፈረሙ ብጠይቃቸው፣ «ቀብዱን የከፈልኩ ዕለት ነው። ያኔ ያየሁት ቀኑንና ዋጋውን ብቻ ነበር» አሉ።

ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወይፈን ታስሯል። የሠፈሩ ሴቶች ሽንኩርት የሚልጡበትን ሌሊት ተከፋፍለዋል። የአዳራሹ ማዕድ ቤት በበኩሉ ሥጋውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚያርደው የሚነግራቸው አጥተዋል። አንድ ዘመዳቸው ደግሞ መላ አምጥቶላቸዋል፦ «ከፈጅር በፊት በጓሮው በር እናስገባዋለን፤ ዘበኛውን አንድ ነገር እናስይዘዋለን፤ ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል?» ሽማግሌው ወደ እኔ የመጡት ይኸኛው ነገር ስለቆረቆራቸው ነው። ሐራም ሥጋ ለእንግዳ ላለማቅረብ ሲሉ በስርቆሽ መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነበር።

ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ወደዚህ ዓምድ አመጣሁት። ድንኳን በየመንደሩ ይጣልበት የነበረው ቦታ እየጠበበ ሲሄድ፣ የከተማው ሙስሊም ወሊማውን ወደ አዳራሽና ወደ ሆቴል አዛውሯል። አዳራሹ ግን አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ማዕድ ቤት፣ የራሱ አስተናጋጅ፣ የራሱ መጠጥ ቤትና የራሱ ደንብ ያለው ነጋዴ ነው። እኛ ደግሞ የድንኳን ዘመን ልማዳችንን ሳንለውጥ ነው የገባንበት። እዚያ ላይ ነው ግጭቱ የሚፈጠረው።

በመጀመሪያ የቆረቆራቸውን ነገር እናንሳ። የማኢዳ ምዕራፍ የሚከፈተው በምን እንደሆነ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ስለ ምግብ ስንከራከር ሁላችንም የምንጠቅሰው ምዕራፍ ነው። የበከተው፣ ደሙ፣ የእሪያው ሥጋ፣ ከአላህ ሌላ ስም የተጠራበት እርድ በ3ኛው አንቀጽ ተዘርዝሮ የተከለከለው በዚሁ ነው። የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ጉዳይም በ5ኛው አንቀጽ ተወስቷል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ በመጀመሪያው አንቀጽ በመጀመሪያው ቃል፣ አላህ (ሱ.ወ) ያመኑትን ሰዎች ያዘዘው ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ነው። ለ3ኛው አንቀጽ ብለን 1ኛውን በጓሮ በር ብናፈርሰው ምን አተረፍን? በዚያ ላይ ለዘበኛው የሚሰጠው «አንድ ነገር» ስሙ ጉቦ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም መርገማቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበ ነው። ለልጅ በረካ የሚለመንበት ማዕድ በተረገመ ገንዘብ በር ሊከፈትለት ነው ማለት ነው።

«ውሉ እኮ ሐራም እንድንበላ የሚያስገድድ ነው፤ እንዲህ ያለ ውል አይታሰርብንም» የሚል ሰው አላጣሁም። ሙስሊሞች በተስማሙባቸው ግዴታዎች እንደሚያዙ የተነገረው ሐዲስ፣ ሐላሉን ሐራም ወይም ሐራሙን ሐላል የሚያደርገውን ግዴታ ለይቶ ማውጣቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ውሉን በጥሞና ያነበበ ሰው «የእኛን ሥጋ ብሉ» የሚል ቃል አያገኝበትም። የሚለው «የሌላ ሰው ምግብ በእኔ ቤት አይግባ» ነው። የሰውዬው ቤት ነው፤ በቤቱ ማዘዝ መብቱ ነው። ሥጋውን ያለመብላት ደግሞ የእኛ መብት ነው። እንግዲህ ሐራሙን ለመሸሽ ከሆነ ብዙ በር አለን፦ ሥጋ የሌለበትን ማቅረብ፣ ዓሣ ማቅረብ፣ ተነጋግሮ ውሉን ማሻሻል፣ ቀብዱን ትቶ መውጣት። የስርቆሽ በር ብቻ ነው የቀረን ማለት አንችልም።

ለአዳራሹ ባለቤት ጠበቃ ልቆም አልመጣሁም፤ ግን ፍትሕ ስለሆነ የእሱንም ወገን መስማት ይገባል። ትርፉ የሚገኘው ከሳህኑ እንጂ ከወንበሩ አይደለም፤ አዳራሹን በርካሽ የሚያከራየው ምግቡን እንደሚሸጥ አስቦ ነው። ሌላም አለ። በእሱ ጣሪያ ሥር ሦስት መቶ ሰው በልቶ ሠላሳው ሆዱን ቢታመም፣ ወጡ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠራው የአዳራሹ ስም ነው። የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ገብቶ መጋረጃ ሥር የሚያቀጣጥል፣ የቀረ ዘይት ቧንቧ ውስጥ ደፍቶ የሚሄድ ደጋሽም አይቷል። ስለዚህ ደንቡ ሁልጊዜ በእኛ ላይ የታቀደ ተንኮል አይደለም። ቁርጥ ያለ ክልከላ ያላቸው አሉ፤ የተወሰነ ክፍያ ተቀብለው ከውጭ የመጣ የምግብ አዘጋጅ የሚያስገቡም አሉ። ሰው ሳይጠይቅ ሁሉም አንድ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። በሀገራችን ይህ ነገር የቆየ ሥርዓት አለው። ሙስሊሙ የሙስሊምን፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያንን እርድ ይበላል፤ በቄራም ቢሆን እርዱ ለየብቻ ነው፤ ሥጋ ቤቱም በራሱ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል አድርጎ ራሱን ያስታውቃል። በወሎ ይሁን በአዲስ አበባ ደግ ደጋሽ የሚባለው ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በጉን ወይም ወይፈኑን ከነነፍሱ አስረክቦ፣ ድስቱንም ለይቶ፣ «እናንተው ባርካችሁ አርዳችሁ ብሉ» የሚለው ነው። እነሱም በደስታቸው ቀን ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ማንም በማንም አልተናቀም፤ ማንም ቅር አላለውም። የመጽሐፉ ሰዎችን እርድ በተመለከተ በዑለማዎች ዘንድ ሰፊ ንግግር እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልፈታው አልሞክርም። ነገር ግን አባቶቻችን ሲጠብቁት የኖሩትን፣ እንግዳውም «ተጠብቆልኛል» ብሎ አምኖ የሚቀመጥበትን ነገር፣ ደጋሹ ብቻውን ወስኖ በዝምታ ሊለውጠው አይገባም። ወሊማ የጠራሃቸው አንድ ሽማግሌ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን የሚሰዱት አንተን አምነው ነው። ማዕድ ቤቱን የማያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የምታውቀው አንተ ነህ። አማና ማለት ይኸው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥርጣሬን ያለ ልክ የሚያራግቡ ወንድሞች አሉ። በየሠርጉ እየዞሩ «ይኸ ሥጋ ተጣርቷል?» እያሉ የበላተኛውን አፍ ያመራሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት የቡኻሪ ሐዲስ ለእነዚህ መልስ አለው። ለእስልምና አዲስ የሆኑ ሰዎች ሥጋ እያመጡ፣ የአላህ ስም ተጠርቶበት እንደሆነ እንደማይታወቅ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገራቸው ጊዜ፣ ጠያቂዎቹ እራሳቸው የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ ነው የነገሯቸው። ሙስሊም ካቀረበልህ፣ ምልክት ካላየህ፣ ብላ። ማጣራት የደጋሹ ሥራ ነው፤ ያም ቢሆን ከሠርጉ በፊት እንጂ በሠርጉ ቀን አይደለም።

ስለ ዕቃውም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የአዳራሹ ድስት ሌላ ሥጋ ተቀቅሎበታል፤ ባህር ማዶ ለመጡ እንግዶች የእሪያ ቋሊማ የሚጠብስ ሆቴል ከሆነ መጥበሻውም ያጠራጥራል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም እሪያ አይበላም፤ ስለዚህ በመንደር ማዕድ ቤት ይኼ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም፤ ጭንቀቱ የትላልቅ ሆቴሎች ነው።) አቡ ሰዕለባ አልኹሸኒ (ረ.ዐ) የመጽሐፉ ሰዎች ባሉበት ምድር እንደሚኖሩ ገልጸው ስለ ዕቃቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜ፣ ሌላ ካገኙ በዚያ እንዳይበሉ፣ ካላገኙ ግን አጥበው እንዲጠቀሙበት ተነግሯቸዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መመሪያ ምን እንፈልጋለን? የራስህን ድስት ይዘህ መግባት ከቻልክ ይዘህ ግባ፤ ካልቻልክ በደንብ ይታጠብ። መጥበሻ ዘይቱ ግን ስለማይታጠብ አዲስ ይሁን። በውሉ ላይ ለማስጻፍ አንዲት መስመር ትበቃለች።

ከሥጋው በላይ የሚያታልለን ሥጋ የማይመስለው ነው። ኬክ ውስጥ የሚጨመር ሩም፣ ክሬሙ እንዳይፈስ የሚያደርገው ጄላቲን፣ ሥጋ ላይ ለማጣፈጫ የሚደፋ ወይን ጠጅ። ሐላል ወይፈን አርዶ፣ በመጨረሻ ሰካራም ኬክ የቆረሰ ሙሽራ አይቼ አውቃለሁ፤ ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። ኬክ ጋጋሪውን «ምን ትጨምርበታለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ መጠጥ ቤቱማ ምን ልበል! አንዳንዱ የአዳራሽ ኪራይ ዋጋ ውስጥ ቢራና ወይን ተደምሮ ይመጣል። «እኛ አንጠጣም፤ ለክርስቲያን እንግዶቻችን ይሁን፤ ለተከፈለበት ነገር ምን አገባን?» የሚል ደጋሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ የተነገረው በቲርሚዚ ዘገባ ነው፤ አለመጠጣት ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ደግሞስ የትኛው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው ሙስሊም ቤት ሠርግ መጥቶ ቢራ የጠየቀ? እሱ የሚጠይቀው ጾም ከሆነ የጾም ምግብ፣ ፍስክ ከሆነ የራሱን ሥጋ ነው። ሮብና ዓርብ የደገሰ ሰው ሽሮና ምስሩን በቅቤ ካልነካካበት እንግዳውን አክብሯል። ቢራውን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ስሙንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ የራሳችን ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሌሎቹን ነው የተናገርኩት። አሁን የራሳችንን የምግብ አዘጋጆች ልናገር፤ የሚቆጡ ይቆጡ። «ኬተሪንግ» የሚል ጽሑፍ በመኪናቸው ላይ የለጠፉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች በርክተዋል፤ አልሐምዱሊላህ፤ ብዙዎቹም አንጀት የሚያርስ ሥራ ይሠራሉ። ግን «የሙስሊም ነው» የሚለው ስም እንደ ጋሻ የሚነሳበት ጊዜ አለ። በአንድ እሑድ ሦስት ሠርግ ተቀብሎ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የበሰለውን ወጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለሦስተኛው አዳራሽ ያደረሰ ሰው ነበር። ወጡ ኮምጥጧል። እርዱ ሐላል ነው፤ ምግቡ ግን ሰው ያሳምማል። አላህ (ሱ.ወ) እንድንበላ ያዘዘን ሐላሉን ብቻ ሳይሆን ሐላልና ጠይብ የሆነውን፣ መልካሙን ነው። የበሰለ ሥጋ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ካልቆየ፣ ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ እንደሌለበት የጤና ባለሙያ ሁሉ ይናገራል። ከውጭ ምግብ የሚያስገባ ሰው ይህን ካላሰበበት የአዳራሹ ክልከላ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ሌላው ማንም የማያየው ነገር አለ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲደምቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንጀራ የሚያጥፉ፣ ሳህን የሚያጥቡ እህቶቻችን አሉ። ዙህር አልሰገዱም። ዐስር ሲወጣ ቡፌው ገና አልተነሳም። መግሪብ ሲገባ ዕቃ እየተቆጠረ ነው። እኛ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰላት እያወረድን እንበላለን፤ ያበላችን ልጅ ሦስት ወቅት ሰላት አልፏታል። አንዷን በአንድ ሠርግ ላይ አግኝቼ ብጠይቃት፣ «ውዱእ የማደርግበት ቦታ የለም፤ ቢኖርም አለቃዬ አይለቀኝም» አለችኝ። ይህ ወንጀል የማን ነው? ደጋሹ ለሰባት ዓይነት ሰላጣ ተዋውሎ ለሠራተኞቹ የሚሰገድበት አሥር ደቂቃና አንዲት ክፍል ካላስጻፈ ድርሻ የለውም ልንል ነው? ደሞዛቸውንም ቢሆን «ዕቃው ሲመለስ፣ ደጋሹ ሲከፍል» እየተባለ ሳምንት የሚጉላላባቸው አሉ። የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው የታዘዘው የኢብን ማጃህ ሐዲስ ለግንበኛ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሊማ ስንመለስ ግን ልብ ይረጋጋል። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኸይበር ሲመለሱ እናታችንን ሶፊያን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ወሊማው መንገድ ላይ ነበር። አነስ (ረ.ዐ) እንደተረኩት የቆዳ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ ያለው ሰው ያለውን እንዲያመጣ ተጠየቀ። አንዱ ተምር፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የደረቀ እርጎ አመጣ፤ ያ ሁሉ አንድ ላይ ተለውሶ ሐይስ ሆነ፤ ወሊማው እሱ ነበር። ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም። እናታችንን ዘይነብን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ግን በግ አርደው ሰው እስኪጠግብ አበሉ፤ ለሌሎቹ ሚስቶቻቸው የዚያን ያህል አልደገሱም። በዚያው ሠርግ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) በአንድ ዕቃ ሐይስ አዘጋጅታ በልጇ በአነስ እጅ ላከች፤ እንግዶቹ አሥር አሥር እየሆኑ ገብተው ሦስት መቶ ያህል ሰው መብላቱን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። እንዲያው ለነገሩ ሁለቱም «ከውጭ የገባ ምግብ» ናቸው። የጎረቤት እጅ የሌለበት ወሊማ በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም። አቡ ኡሰይድ አስሳዒዲ (ረ.ዐ) ባገቡ ዕለት ደግሞ እንግዶቹን ያስተናገደችው ሙሽራይቱ ራሷ ነበረች፤ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያጠጣቻቸውም ከሌሊት ጀምሮ በድንጋይ ዕቃ የዘፈዘፈችውን የተምር ውኃ ነበር። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን እንዲደግሱ ነው የታዘዙት።

እኛም ይህን በግድ ቀምሰነዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ፣ ወሊዩና ምስክሮቹ ብቻ ተቀምጠው ኒካሕ የታሰረላቸው ጥንዶች አሉ። አዳራሽ የለ፣ ቡፌ የለ። ዛሬ ልጆቻቸውን መድረሳ ያመላልሳሉ። ትዳራቸው ቡፌ ባለመኖሩ የጎደለው ነገር ካለ ይንገሩን።

የከፋ ምግብ የወሊማ ምግብ እንደሆነ፣ ይኸውም ባለጸጎች ተጠርተውበት ድሆች የሚተዉበት ሲሆን እንደሆነ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። በድንኳን ዘመን ደሃው ጥሪ አያስፈልገውም ነበር፤ የድንኳኑ ጥግ የእሱ ነበር። ዛሬ በር ላይ ካርድ የሚቀበል ሰው ቆሟል። የሰው ቁጥር ተቆጥሮ የተከፈለበት ስለሆነ አንድ ተጨማሪ አፍ ለደጋሹ ዕዳ ነው። ከሁሉ የከፋው የተረፈው ምግብ ነው፤ አንዳንድ አዳራሽ የተረፈውን ይዞ መውጣትንም ይከለክላል። አባካኞች የሸይጧን ወንድሞች መሆናቸውን ኢስራእ ምዕራፍ ነግሮን ሳለ፣ ሙሉ ትሪ ሩዝ በሥጋ ወደ ቆሻሻ በርሜል ሲገለበጥ ዝም ብለን «ደንባቸው ነው» እንላለን። ውል ስትፈርም «የተረፈው የእኔ ነው» የሚል አንቀጽ አስገባ። ከአዳራሹ በታች ባለው መስጊድ የሚቀሩ ደረሶች የዕለት እራታቸው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀህ ታውቃለህ?

እንግዲህ ወደ እኒያ አባት ልመለስ። ጓሮ በሩን ትተው በፊት በር እንዲገቡ መከርኳቸው። በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ክርስቲያን ነው፤ ትሁት ሰው ነው። ውሉን አየው፣ ሽማግሌውን አያቸው። «አባባ፣ ይኼንን ሲፈርሙ ለምን አልነገሩኝም? ያኔ እኮ ሌላ ውል ነበረኝ» አላቸው። ቀጥሎ ያለው ነገር አሳፈረኝ። «የእናንተ ሰዎች አይነግሩኝም፤ ይፈርማሉ፤ ከዚያ በሠርጉ ቀን ድስት በሻርፕ ጠቅልለው ሲገቡ እይዛቸዋለሁ። ባለፈው ዘበኛዬን ያባረርኩት በዚሁ ነው» አለ። የአንድ ደሃ ዘበኛ እንጀራ በእኛ ሐላል ድስት ምክንያት ተቆርጧል። ያን ቀን ሽማግሌው ዝም ብለው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ።

ድርድሩ ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። ሥራ አስኪያጁ ከውጭ የበሰለ ምግብ እንዲገባ በጭራሽ አልፈቀደም፤ ባለቤቶቹ አይሰሙኝም አለ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ወይፈኖች በቤታቸው ታርደው ሥጋው ጥሬውን ለአዳራሹ ማዕድ ቤት ይቀርባል፤ የሚያበስሉት ከሠፈሩ የመጡ አራት ሴቶችና የአዳራሹ ሁለት ወጥ ቤቶች ናቸው፤ ድስቱ የሽማግሌው፣ ዘይቱ አዲስ፤ መጠጡ ለስላሳና ውኃ ብቻ፤ አስተናጋጁ የአዳራሹ። ለማዕድ ቤቱ አገልግሎት የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ አለ፤ እሱን ለመሙላት ሽማግሌው የኬኩን ደርብ ከአምስት ወደ አንድ አወረዱ። የሙሽሪት አክስት ለሦስት ቀን አኮረፉ። የሚስታቸው ወንድም ከፈጅር ጀምሮ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ወንበር ይዞ ዋለ፤ ለአራቱ ሴቶችም በየተራ የሚሰግዱበትን ጓዳ ያስከፈተው እሱ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቹ የመጡት ጾም ባልነበረበት ቀን በመሆኑ፣ በበጉ ፈንታ ዋጋውን ተቀብለው የራሳቸውን ሥጋ የአዳራሹ ወጥ ቤቶች በሌላ ድስት ሠሩላቸው። ትንሽ ግርግር ነበር፤ የአንዱ ድስት ጭልፋ ወደ ሌላው ሊገባ ሲል ተይዟል፤ በቀይ ክር አስረው ለዩት።

ሁሉም እንዲህ አያልቅለትም። በዚያው ሰሞን የመጣ አንድ ወጣት የተዋዋለው አዳራሽ ሥጋም አላስገባ፣ ማዕድ ቤትም አልሰጥ፣ ዓሣ እንኳ ብንጠይቅ «የተዘጋጀ ዝርዝር አለን» ብሎ መለሰን። ወጣቱ ሁለት ቀን አሰበ። ቀብዱን ትቶ ወሊማውን በአጎቱ ግቢ አደረገ። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የስምንት ወር ቁጠባው ነው። አማቾቹ ለጊዜው ፊታቸውን አዙረውበታል፤ «ልጃችንን ግቢ ውስጥ ዳርክብን» ብለው። እኔ ትክክል ሠርቷል እላለሁ፤ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ። ፈርሞ የነበረ ስለሆነ ገንዘቡ ይመለስልኝ ብሎ የመክሰስ ፍላጎት የለውም። ሆኖም ቀኑን ለሌላ ሰው አከራይተውት ትርፍ ካገኙበት ከፊሉን እንኳ በፈቃዳቸው ቢመልሱለት ብለን፣ ከመስጊዱ ጀመዓ ሁለት ሽማግሌ፣ ከሠፈሩ ዕድርም አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ጨምረን ባለፈው ሐሙስ ወደ አዳራሹ ባለቤቶች ልከናል። መልሱን ለመጪው ሰኞ ቀጥረውናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።